ሁለት ኪኒን በአንድ መዳፍ

እስከዳር የእርግዝና መከላከያ ኪኒኗን አንድም ቀን አልዘለለችም። ለዚህ ምስክሯ ባሏ በላቸው ነበር። የሳንባ ነቀርሳ ከያዛት ከአራት ወር ወዲህ በጤና ጣቢያው መዝገብ የሕክምና ደጋፊዋ ሆኖ የተጻፈው እርሱ ነው፤ ማራኪ ሰፈር በተከራዩአት ክፍል በየማለዳው የነቀርሳውን መድኃኒትና ይህን ኪኒን በአንድ መዳፍ ይዞ፣ እስክትውጥ ቆሞ ያያት ነበር። ልጅ የሚወልዱት እርሷ ከዩኒቨርሲቲ ከተመረቀች በኋላ እንዲሆን ሲጋቡ ተስማምተዋል።

አሁን ግን ነፍሰ ጡር ሆና ተገኘች።

«ረስተሽ ይሆናላ!» አላት በላቸው።

«ምኑን እረሳለሁ? የምታስውጠኝ አንተ!»

«እንግዲያው ገላሽ ነው የከዳሽ» ብሎ ሳቀ። «አገር ቤት ድብ ባሕር ያለው አባቴ ሲሰማ በደስታ ያብዳል።»

እስከዳር ገላዋን ታዘበችው። በማግስቱ ነገሩን ለመጠየቅ ወደ ጤና ጣቢያው ነርስ ወደ ሲስተር ዓይናለም ሄደች።

«ምነው እስከዳርዬ! ሌላ መከላከያ ጨምሩ አላልኩም?»

«ለማን?»

«ለበላቸው ነዋ፤ አንቺን ትኩሳት ጥሎሽ መድኃኒቱን ሊወስድ የመጣ ዕለት። በጉበታችን ሆርሞንን የሚያፈርሱ ኢንዛይሞች አሉ። የነቀርሳው መድኃኒት እነዚህን ያበዛቸዋል፤ ያን ጊዜ የኪኒንሽ ሆርሞን ሥራውን ሳይሠራ ፈርሶ ያልቃል። ደጋግሜ አስረድቼዋለሁ። ከዚያም ወዲህ በየወሩ መድኃኒትሽን ሊወስድ ሲመጣ ስጠይቀው ‹ነግሬአታለሁ፣ እየተጠቀምን ነው› ይለኛል።» ነርሷ ዓይኗን ከመዝገቡ አነሣች። «አልነገረሽም?»

እስከዳር የከዳት ገላዋ እንዳልሆነ ገባት። ገላዋስ የታዘዘውን ሲሠራ ኖሯል።

በነጋታው ማለዳ በላቸው እንደ ልማዱ ውኃ ይዞ መዳፉን ዘረጋ። በመዳፉ ላይ የነቀርሳው መድኃኒት ብቻ ነበር።

«ሲስተር ዓይናለም ምን ብላህ ነበር?»

የተዘረጋው እጁ አልታጠፈም፤ ፊቱ ግን ጠቆረ።

«አባቴ አርጅቷል፣ እስኬ። ብነግርሽ እሺ አትዪኝም ነበር።»

«አልልህም ነበር። እያወቅህ ነው እንግዲህ ሁለቱን አንድ ላይ ያስዋጥኸኝ። በየቀኑ።»

«ክፉ አስቤ አይደለም…»

«ቆመህ ታየኝ ነበር፣ በላቸው።»

መድኃኒቱን ከመዳፉ አላነሣችም። ከመደርደሪያው የመድኃኒቱን ካርቶን አውርዳ ወጣችና የአከራያቸውን የእማማ አስናቀችን በር አንኳኳች።

«እማማ፣ ከዛሬ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ይህን ስውጥ ያዩልኛል? በመዝገቡ ስምዎን ላስጽፍ ነው።»

«ምነው ልጄ፣ ባልሽስ?»

«የእርሱን አስሰርዛለሁ» አለች፤ ውኃም ለመነቻቸው።