ሰባት ብርጭቆ ለጃፓኗ

ማዳም ባሏ ሌላ ሴት አላገባባትም፤ ጣውንት ግን አላት። ጣውንቷ የምትኖረው ጋራዥ ውስጥ ነው፤ ነጭ አንሶላ ለብሳ። በ1979 ከጃፓን የመጣች ሆንዳ ጎልድ ዊንግ ሞተር ሳይክል ናት። ከጋብቻቸው በአምስት ዓመት ትቀድማለች፤ ማዳም ይህንን አንድም ቀን አልረሳችውም።

ባለቤቷ ባባ ዒሳ አርባ ዓመት ሙሉ በዓረቦቹ የነዳጅ ከተማ በአሕመዲ ፓምፕ ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ የሰባ አራት ዓመት ሰው ናቸው። ስለ ማሽን እሳቸውን የሚያስተምር ገና አልተወለደም፤ ይህን የሚሉት እንግዲህ ራሳቸው ናቸው። ጃፓኗን መካኒክ ነክቷት አያውቅም። አንሶላዋን እንኳ የምታጥበው ሸዋዬ ብቻ ናት።

ሸዋዬ የቤቱ ሠራተኛ ናት፤ ከመጣች አራት ዓመቷ። ከጃፓኗ ጋር የተቆራኘችው በማዳም ትእዛዝ ነው። አንድ አርብ ባባ ዒሳ ሞተራቸውን አስነሥተው ወጡና ለአራት ሰዓት ያህል ስልክ ሳያነሡ ቀሩ። ማዳም ሆስፒታሉን ሁሉ ስታስስ ዋለች፤ ሰውዬው ለካ ፋሐሂል ባሕር ዳር ቁጭ ብለው ዓሣ ይበላሉ። ከዚያ ወዲህ ሸዋዬ ስልክ ይዛ ከኋላ ካልተቀመጠች ከግቢ መውጣት የለም ተባለ። የማዳም እህት ሰው ምን ይላል ብትል፣ ማዳም ሰው ምንም አይልም አለች፤ እሷ እዚያ ላይ ስትቀመጥ እንደ ሻንጣው ናት።

ሻንጣዋ ግን ተመቻት። የጃፓኗ የኋላ መቀመጫ መደገፊያ ያለው ነው፤ ከማዳም ሳሎን ሶፋ አይተናነስም። ባባ ዒሳ ከተማ ገብተው ከጓደኞቻቸው ጋር ባሕሩ ዳር ሻይ እስኪጠጡ ድረስ፣ ሸዋዬን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ያወርዷታል። ሦስት ሰዓት ትቆያለች። ስድስቱን ቀን ስሟ ሹሹ ነው፤ ማዳም ሸዋዬ ማለት ከብዷት ያወጣችላት ስም ነው። አርብ አርብ ብቻ፣ ለሦስት ሰዓት፣ ሰው በስሟ ይጠራታል። ከሐዋሊ የምትመጣው ጓደኛዋ መሠረት ገና ከሩቅ «ሸዋዬ» ስትላት እንደገና እንድትጠራት ብላ ያልሰማች ትመስላለች።

ይህ ሁሉ ደህና ነበር፤ ብርዱ አልፎ ሙቀቱ እስኪገባ። ከዚያ በኋላ ጃፓኗ አመል አወጣች። ከአሕመዲ ተነሥታ እንደ ሙሽራ ትሄድና፣ ከተማው መግቢያ የትራፊክ መብራቱ ጋ ስትደርስ ከሆዷ እንፋሎት እየተፋች ቀጥ ትላለች። ያን ጊዜ የሚጠራው ወንሽ የሚሉት የብልሽት መኪና ነው። ወንሹ ጃፓኗን ጀርባው ላይ አስሮ ሲመልስ፣ ባባ ዒሳና ሸዋዬ ከሹፌሩ ጎን ተጣበው፣ የራስ ቁራቸውን ጉልበታቸው ላይ ይዘው፣ ዘመድ እንደቀበረ ሰው ይመለሳሉ። አምስት አርብ እንዲህ ሆነ።

«ካርቡረተሩ ነው» አሉ ባባ ዒሳ። አራቱንም ካርቡረተሮች ፈትተው በማዳም የእንግዳ ትሪ ላይ ደረደሯቸው፤ በማዳም የጥርስ ብሩሽ ፈገፈጓቸው፤ መልሰው ገጠሟቸው። ጃፓኗ መብራቱ ጋ ደርሳ ቀጥ አለች። እንደገና ፈቱ። እንደገና ቀጥ አለች። በአምስተኛው ማዳም ድምጿን ሳትጨምር፣ ወላሂ ይህች ነገር ከእንግዲህ አንዴ ብቻ በወንሽ ተጭና ትምጣ፣ በማግስቱ አናስ ይወስዳታል አለች። አናስ ሐዋሊ ውስጥ አሮጌ ሞተር ሳይክል የሚገዛና የሚሸጥ ሰው ነው። ማዳም ወላሂ ብላ ከማለች ደግሞ አለቀ፤ ባባ ዒሳም ያውቃሉ፣ ግድግዳውም ያውቃል።

ባባ ዒሳ ያን ቀን ምሳ አልበሉም። ሸዋዬም አልበላችም። ጃፓኗ ከሄደች አርብም መሄዱ ነው። ማዳም ለሠራተኛ ታክሲ አትጠራም፤ በአውቶቡስ ብቻሽን ሂጂ አትልም። የቀረውን ኮንትራት ሹሹ ሆና ልትጨርሰው ነው።

ሸዋዬ ጉዳዩን የራሷ በሆነ መንገድ መረመረችው። ካርቡረተር አይደለም፤ ዓይን ነው። መብራት ላይ በቆሙ ቁጥር የመኪናው ሰው ሁሉ መስታወቱን እያወረደ ያፈጥባታል፤ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሣታል። ይህ ሁሉ ዓይን ያረፈበት ነገር እንዴት ጤና ይሆናል? የምትታመመውስ ለምን ሰው በሚበዛበት መብራት ላይ ብቻ ሆነ? መሠረትን በስልክ ብታማክራት፣ እሷም ግልጽ ነው አለች።

መድኃኒቱ ደግሞ አልጋዋ ሥር ነበር። መሠረት ለእረፍት አገር ቤት ደርሳ ስትመለስ፣ ሸዋዬ ጉልበቷን እያመማት ደረጃ መውጣት አቅቷት ስለነበር፣ በሁለት ሃይላንድ ጠበል አምጥታላት ነበር። አንዱን ጨርሳዋለች፤ ጉልበቷም ቀለል ብሏል። ሁለተኛው አልተከፈተም። ለሞተር ሳይክል መስጠት ድፍረት እንዳይሆን ሁለት ቀን አሰበችበት። አገር ቤት አዲስ መኪና የገዛ ሁሉ ቄስ ጠርቶ ያስረጭ የለም እንዴ? ይኼ ኃጢአት አይደለም። መረጨት ግን ለውጭ ነው። የጃፓኗ ሕመም ከሆዷ ነው፤ የሆድ ሕመም ደግሞ ጠበል ይጠጣል እንጂ አይረጭም።

እንግዲህ ጠበል አጠጣጥ ሥርዓት አለው። ሰባት ቀን ነው፤ በባዶ ሆድ ነው። ባባ ዒሳ በየቀኑ ረፋዱ ላይ ጃፓኗን አሥር ደቂቃ ያስነሡና ካርቡረተሩን በጆሯቸው ያዳምጣሉ። ስለዚህ ሸዋዬ ገና ጠዋት፣ ጃፓኗ ምንም ሳትቀምስ፣ አንሶላውን ገለጥ ታደርጋለች። በጉልበት መካከል የሚገባው ትልቁ ታንክ በቀኝ በኩል እንደ ቁም ሣጥን የሚከፈት በር አለው፤ አቧራውን ስታራግፍ አይታዋለች። ከውስጥ ክዳን ያለው ነጭ የፕላስቲክ ዕቃ አለ። ታንክ ላይ ያለ አፍ ሌላ ምን ሊሆን ነው? በስመ አብ ብላ አንድ ብርጭቆ አፈሰሰች።

በማግስቱ ስትከፍተው ዕቃው ባዶ ነው። ጠጥታዋለች። ሸዋዬ ደስ አላት፤ ሕመምተኛ ከጠጣ ተስፋ አለው። ሁለተኛውን ሰጠቻት፤ ያንንም ጨረሰችው። በስድስተኛው ቀን ግን ግማሹን አስተረፈች። በሰባተኛው ቀን ዕቃው ሞልቶ ቀረ። ጠግባለች ማለት ነው። ሃይላንዱ አለቀ፤ ቀኑም አርብ ነበር።

ማዳም በር ላይ ቆማ ሸኘቻቸው። ጊዜ እንዳይባክን አናስንም ወንሹንም አስቀድማ ጠርታቸዋለች፤ ለሰባት ሰዓት ቀጥራቸዋለች።

ፋሐሂል ነዳጅ ማደያ ገቡ። ባባ ዒሳ ነዳጅ ሲቀዳ ተሳፋሪ ወርዶ ራቅ ብሎ ይቁም የሚል ሕግ ስላላቸው ሸዋዬ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ድምፃቸው ግን ይሰማል። ቀጂውን ሠራተኛ ቱቦውን በጨርቅ ጥረገው እያሉ ይቆጡታል። «ውሃ እንዳይገባ። አንድ ብርጭቆ ውሃ ቤንዚን ውስጥ ከገባ ኢንጂኑ አለቀለት። በአርባ ዓመቴ አይቻለሁ።»

ሸዋዬ በጣቷ ቆጠረች። አንድ ብርጭቆ። እሷ ሰባት ነው የሰጠችው።

ተመልሳ ከኋላ ተቀመጠች። በገዛ እጇ ገደለቻት። ዓይን ያልጨረሰውን ሹሹ ጨረሰችው። ልንገራቸው ብላ አፏን ትከፍታለች፤ ነፋሱ ይሞላዋል። ደግሞስ ምን ብላ? መንገዱ እሳት ነው፤ ጃፓኗ ትጋልባለች፤ ባባ ዒሳ ያንጎራጉራሉ። ሸዋዬ የምታውቃቸውን መላእክት ሁሉ በየስማቸው ጠራች፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የሳቸው አይደለም አለች። እንባዋ የራስ ቁሩ ውስጥ ይወርዳል፤ እጅ አይገባም፤ አይጠረግም።

መብራቱ ጋ ደረሱ። ቀይ ነበር። ባባ ዒሳ ማንጎራጎር አቆሙ። ከጎናቸው የቆመው ባለመኪና መስታወቱን አውርዶ ስልኩን አወጣ፤ ሸዋዬ በእጇ መዳፍ የጃፓኗን ጎን ከለለች። አረንጓዴ ሆነ። ጃፓኗ ወጣች። ሁለተኛውን መብራት አለፈች። ሦስተኛውን። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስትቆም ድምጿ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ነበር፤ አንዲት እንፋሎት የለም። ሸዋዬ ወርዳ መሬት ላይ ተቀመጠች። መሠረት ስሟን እየጠራች ሮጣ መጣች።

ስምንት ሰዓት ላይ ጃፓኗ በራሷ እግር ግቢ ገባች። ወንሹ በር ላይ ሞተሩን አጥፍቶ ቆሟል፤ ማዳም ሰዓቷን ታያለች፤ አናስ ጥላ ሥር ነው። ባባ ዒሳ እንደ ልጅ ሳቁ። «ካርቡረተሩ ነበር፤ አላልኩም?»

አናስ የማትሸጥ እንኳ ቢሆን ልያት ብሎ ዞራት። ሸዋዬ ሻይ ይዛ ስትመጣ የቀኙን በር ከፍቶ ነጩን ዕቃ እያየ ነበር። «የራዲያተሩን ውሃ እንዲህ ሞልተው መያዝዎ ጥሩ ነው» አለ። «ሰው ነዳጁ ከመቀመጫው ሥር መሆኑን እንኳ አያውቅም። ይቺን ይረሳታል፤ ከዚያ ኢንጂኑ ይፈላበትና ካርቡረተር ሲፈታ ይኖራል።»

ባባ ዒሳ ዕቃውን አዩት። ከዚያ ቀና ሲሉ ዓይናቸው ሸዋዬ ላይ አረፈ። እሷ ትሪው ላይ ያሉትን ብርጭቆዎች ታስተካክላለች።

«እና ምን ነበር ያማት?» አለች ማዳም።

«ካርቡረተሩ» አሉ ባባ ዒሳ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም።

ሰዎቹ ሲሄዱ ጋራዥ ጠሯት። ሸዋዬ አንድም ሳትደብቅ ተናገረች፤ ዓይኑን፣ ሰባቱን ቀን፣ ባዶ ሆዱን። ባባ ዒሳ እንደ መርማሪ ሰሟት። ውሃው ለምን የተቀመጠ ነበር ብለው ጠየቁ።

«ለጉልበቴ ነበር፣ ባባ።»

ባባ ዒሳ ወደ ጃፓኗ ዞሩ። አንሶላውን ራሳቸው አለበሷት፤ ጫፉንም እንደ ሸዋዬ አጠፉት።

በሚቀጥለው አርብ ሸዋዬ ልትወጣ ስትል መቀመጫዋ ተይዟል። አምስት ሊትር የተጣራ ውሃ የያዘ ጀሪካን በገመድ ታስሯል። ባባ ዒሳ ፈትተው አስታቀፏት።

«ለቄሱ ስጪና ይጸልዩበት። ግማሹ ለጉልበትሽ ነው።»

ሸዋዬ ጀሪካኑን አቅፋ ቆመች። ማዳም ከመስኮቱ ትመለከታለች። «የቀረው ለማነው ቢሉኝስ፣ ባባ?»

ባባ ዒሳ የራስ ቁራቸውን አጠለቁ፤ መስታወቱን ወደ ታች ሳቡት። «ለካርቡረተሩ ነው በያቸው፣ ሸዋዬ።»