አዴ ሎሚ ንጹሕ በርበሬ

ሚኪያስ ሁለት ካርቶን በርበሬ አስይዞ ድንኳኑ ውስጥ ሲገባ ሰው ሁሉ ከወንበሩ ብድግ አለለት። ካርቶኖቹ ላይ ሟቿ አዴ ሎሚ ፈገግ ብለው ይታያሉ።

«ለዛሬው ሰልስት ይሁን ብዬ ነው» አለ፤ ፍራሹ ላይ ጋዲሴ አጠገብ ተቀምጦ። «እግዜር ያጥናሽ።»

ሚኪያስ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ነው። ጋዲሴ እዚያው በርበሬ ስታሽግ ስድስት ዓመቷ ነው። እናቷ ደግሞ የፋብሪካው ስምም መልክም ነበሩ።

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በዚህ ሰዓት ማንሳቴ ነውር ነው፤ ግን አለቆቹ ቸኩለዋል። ከነገ ወዲያ ቢሮ ብቅ በይ። ፎቷቸው እንዲቀጥል ወራሽ መፈረም አለበት። ሥራሽም አይነካም።»

«እሺ» አለች ጋዲሴ። ሦስት ቀን ሙሉ ለመጣው ሁሉ እሺ ስትል ከርማለች፤ ሲደክም እሺ ማለት ይቀላል።

አዴ ሎሚ አዳማ ገበያ ሃያ ዓመት በርበሬ ሸጠዋል። ዛላውን አንድ በአንድ ሲለቅሙ ደንበኛ ትዕግሥቱ አልቆ ይሄድ ነበር፤ ግን ተመልሶ ይመጣል። ፋብሪካው ስማቸውንና ፊታቸውን ሲጠይቃቸው ደስ ብሏቸው ሰጡ። ኋላ ዛላ ሲወደድ ፉርሽካና ቀለም ይገባበት ጀመር። ከሻሸመኔ ደንበኞች ወቀሳ ሲበዛ አለቆቹ መላ መቱ፤ በርበሬውን ትተው ፓኬቱን ቀየሩት። የአዴ ሎሚን ፊት አተለቁና ከሥሩ «የእናት እጅ» ብለው ጻፉበት። ሽያጩም አንሰራራ፤ ሰው ምን ያድርግ፣ ፊታቸውን ያምናል።

አንድ እሁድ አዴ ሎሚ ፓኬቱን ይዘው ልጃቸው ፊት ቆሙ።

«አንቺ ልጅ፣ ሰው መንገድ ላይ እያስቆመ ይጠይቀኛል። ምን ገባበት?»

«ምንም እማዬ። ዘንድሮ ዛላውን ዝናብ መትቶት ነው።»

«ማዪልኝ።»

«እማዬ ትሙት!» አለች ጋዲሴ፤ አገሩ ሁሉ በየቀኑ እንደሚምለው።

አዴ ሎሚ አመኗት። ከዚያ ወዲህ ለጠየቃቸው ሁሉ «ልጄ ምላልኛለች» ይሉ ነበር። ባለፈው ሳምንት ገበያ መሃል ወደቁ። ሐኪሙ የደም ግፊት ነው አለ። ጋዲሴ ግን የገደላት መሐላዬ ነው ብላ ቆርጣለች፤ ለማንም አልተናገረችም።

ከድንኳኑ ጀርባ የእድር ሴቶች ምሳ ይሠራሉ። የግድግዳ ጎረቤታቸው ሮማነወርቅ ሁለት ፓኬት በርበሬ ቁሌቱ ላይ ገልብጣ ሦስተኛውን ስትቀድ ጋዲሴ ከፍራሹ ተነሥታ መጣች።

«አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ሐዘንተኛ ድስት አጠገብ አይመጣም። ሂጂ ተቀመጪ!»

«አትጨምሪው።»

«ለምን? የእናትሽ በርበሬ አይደል?»

«አይደለም። ፉርሽካና ቀለም ነው። የማሽገው እኔ ነኝ፣ አውቃለሁ። እማዬ ስትጠይቀኝ ዋሸኋት። እሷ ትሙት ብዬ ማልኩላት።»

ሴቶቹ እጃቸው ላይ ያለውን እንደያዙ ቀሩ። ሚኪያስ ከድንኳኑ ጥግ ሆኖ ሰምቷል። «ሐዘን ነው፤ አትፍረዱባት» አለ።

«ሐዘን አይደለም፣ አቶ ሚኪያስ። ወራሿ እኔ ነኝ፤ አልፈርምም። ነገም ሥራ አልገባም።»

ሚኪያስ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ወጣ።

ሮማነወርቅ ይህን በርበሬ አራት ዓመት ልጆቿን አብልታለች። ብረት ድስቱን አንሥታ ቁሌቱን ቦዩ ውስጥ ደፋችው። «አልጫ እንሥራ» አለች ለሴቶቹ፤ ጋዲሴን ግን አላየቻትም።

ጋዲሴ ባዶውን ድስት ወሰደችና ቁጢጥ ብላ ታጥበው ጀመር። ሐዘንተኛ ሥራ አይነካም፤ ሌላ ቀን ቢሆን አሥር እጅ ይነጥቃት ነበር። ዛሬ ማንም አልነጠቃትም። በሽቦ ፈተገችው። ቅባቱ ለቀቀ፤ ቀለሙ ግን ድስቱንም ጣቶቿንም ይዞ ቀረ። ያን ጊዜ አለቀሰች፤ የእስከዛሬው ለለቀስተኛው ነበር፣ ይሄ ለእናቷ ነው።

ሮማነወርቅ ሽንኩርቱን ትታ ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ጆጉን አንሥታ መጣችና በጋዲሴ እጆች ላይ ውሃ ታፈስላት ጀመር።