ዘጠኝ ተኩል ከአሥር

የሰባተኛ ክፍሉን የሳይንስ መምህር ተማሪዎቹ «ምዕራፍ» ይሉታል። እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። ተማሪ ከዕለቱ ትምህርት ትንሽ ፈንጠር ያለ ጥያቄ በጠየቀው ቁጥር ጠመኔውን ከፍ አድርጎ «እሱ የሌላ ምዕራፍ ነው» ስለሚል የተለጠፈበት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ሲል ኖሯል። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ተማሪ አይመታም፣ ከሥራ አይቀርም፣ የሰበሰበውን ደብተር ሳያርም አያድርም። ብቻ ነገር ከነገር ሲደባለቅ ያመዋል። ሹካና ማንኪያ አንድ መሳቢያ ውስጥ ካደሩ እንቅልፍ የለውም ትላለች ሚስቱ።

በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሦስት ምዕራፎች አሉት። መጀመሪያ የአካባቢ መራቆትና ብክለት፣ ቀጥሎ የዘር ውርስ፣ መጨረሻ ላይ አደንዛዥ ዕፅና ሱስ። ለእያንዳንዱ አራት አራት ሳምንት ነው የሚሰጠው፤ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው አይከፈትም።

ብክለቱን ሲያስተምር ክፍሉን ይዞ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ወዳለው ቦይ ወረደ። ቦዩ ዳር ያለው ሣር ተቃጥሏል፣ ድንጋዮቹ ነጭ ቅርፊት ለብሰዋል፣ ውሃው ላይ ትንኝ እንኳ አይዞርም። ሽታው ሳንቲም እንደመላስ ያለ ነው። «መጽሐፋችን እንደሚለው» አለ መምህሩ፣ «ይህን የሚያደርገው የፋብሪካ ዝቃጭ ነው። ከባድ ብረቶች፣ ለምሳሌ እርሳስ፣ ነርቭን ይጎዳሉ።» ተማሪዎቹ ጻፉ። አንዱ ከኋላ ሆኖ «እዚህ ሰፈር ፋብሪካ የት አለና? ከነቀለሜ ጓሮ ነው የሚወርደው» ብሎ ሳቅ አስነሣ። መምህሩ ተቆጣ። ሰው ለመክሰስ አልመጣንም፣ ሳይንስ ልንማር ነው የመጣነው አላቸው። ይህን ያለው ቀለሜን ከሐፍረት ለማዳን ነበር። እሷ የጫማዋን ጫፍ ነበር የምታየው።

ቀለሜ የሚሏት የክፍሉን አንደኛ ነው። ቀጭን ናት፣ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፣ መጽሐፍ ከእጇ አይለይም። እናቷ በሕፃንነቷ ሞታለች፤ አሁን እናት የሆነቻት የታላቅ ወንድሟ ሚስት ናት። አባቷ እርሳስ አቅላጭ ነው። ያለቀ የመኪና ባትሪ እየሰበሰበ ይፈልጣል፣ ውሃውን ወደ ቦዩ ይደፋል፣ ውስጡ ያለውን እርሳስ ጓሮው ውስጥ በትልቅ የብረት ድስት አቅልጦ በጡብ ቅርጽ ያወጣዋል። መምህሩ ይህን አያውቅም ነበር ወይ? ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን እሱ ምን ሆኖ ያጣዋል። ግን እሱ ዘንድ ይህ ነገር የሚኖረው በመመዝገቢያው ቅጽ ላይ፣ «የወላጅ ሥራ» ከሚለው መስመር ፊት ለፊት ነው፤ ከዚያ ወጥቶ ወደ ክፍል አይገባም።

የዘር ውርስ ላይ ሲደርሱ በየዓመቱ የሚሰጠውን የቤት ሥራ ሰጠ። እያንዳንዱ ተማሪ የቤተሰቡን ሰንጠረዥ ይሠራል፤ ማን ግራኝ ነው፣ ማን ምላሱን ይጠቀልላል፣ የማን ጆሮ ጫፉ ተለጣፊ ነው፣ ከዚያም በቤታችሁ ብቻ ያለ የተለየ ነገር ካለ። ሕጉ አንድ ነው፤ በጋብቻ የመጣ ሰው አይጻፍም፣ ደም ብቻ። ሃያ ሁለት ዓመት ጆሮና ምላስ ሲያርም የኖረ ሰው የቀለሜን ወረቀት ሲያገኝ ወንበሩ ላይ ቀና አለ። በማስመሪያ የተሰመረ፣ ንጹሕ ሥራ ነው። «የእጅ መንቀጥቀጥ» ይላል ርእሱ። ከሥሩ፦ አያቴ፣ አለ፤ ሞቷል። አባቴ፣ አለ። ወንድሜ፣ አለ። የወንድሜ ሚስት፣ አለ። እኔ፣ ገና።

«ገና» የሚለው ፈገግ አሰኘው። ቀልደኛ ልጅ ናት አለ። ከዚያ ቀይ ስክሪብቶውን አነሣና የወንድሟን ሚስት መስመር ከዳር እስከ ዳር ሰረዛት። አጠገቡም «በጋብቻ የመጣች፤ ከዘር አትቆጠርም» ብሎ ጻፈ። ለዚህ ስህተት ግማሽ ነጥብ ቀነሰ። ግርጌው ላይ ደግሞ በሚያምር የእጅ ጽሑፉ «ግልጽ የዘር ውርስ ምሳሌ። በጣም ጥሩ። 9½ ከ10» አለ። ወረቀቱን ሰሌዳው አጠገብ ለጥፎት አንድ ሳምንት ከቆየ በኋላ ቤቷ እንድትወስደው መለሰላት።

ከዚያ በሦስተኛው ቀን በእረፍት ሰዓት አባትየው መጣ። መምህራን ክፍል በር ላይ ቆሞ ሁለት እጁን ብብቱ ውስጥ ወሽቋል። ወረቀቱ በሸሚዙ ኪስ ብቅ ብሏል።

«መምህር፣ ይህን በቀይ የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ። ልጅዎ ጎበዝ ናት።»

«እሱንስ አላጣሁትም። እኔ ቁጥር እንጂ ፊደል አልገፋሁም፤ እሷ ናት ያነበበችልኝ። መንቀጥቀጡ በዘራችን ነው ብለዋል አለችኝ።»

«ሰንጠረዡ የሚለው እንደዚያ ነው። አያት፣ አባት፣ ልጅ። በግልጽ ይታያል።»

«እንግዲህ ከሥራችን የመጣ አይደለም ማለት ነው?»

ደወሉ ተደወለ። መምህሩ መጽሐፉን በብብቱ ሥር አድርጎ አንድ እግሩን አንሥቷል። «ስለ እሱ የተማርነው ሌላ ምዕራፍ ላይ ነው፣ ጌታዬ። ይህ የዘር ነው።»

አባትየው ውኃ ቀድቶ እንደመጣ ሰው በረጅሙ ተነፈሰ። «ዘር ከልጓም ይስባል ይላሉ፤ እውነት ነው። እግዜር ይስጥልኝ፣ መምህር። ከባድ ሸክም ነው ያወረዱልኝ።» ይህን ብሎ ሄደ። በዘርህ ነው የተባለ ሰው ለምን ደስ እንደሚለው መምህሩን ትንሽ ገርሞት ነበር። ግን የሚቀጥለው ክፍል ይጠብቀዋልና ተወው።

ሦስተኛው ምዕራፍ ተከፈተ። እዚህ ላይ መምህሩ ከመጽሐፉ ወጣ ብሎ ከሕይወት ምሳሌ መስጠት ይወዳል። በዚህ ሰፈር አንድ ወጣት አለ አለ፣ ስሙን አልጠራም፤ መድኃኒት ቤቱ ደጃፍ ሲንከላወስ የማታገኙት ቀን የለም፤ የሕመም ማስታገሻ ክኒን በአንድ ጊዜ ሙሉ ፓኬት ይውጣል፤ ይህ ሁሉ የሚጀምረው በጓደኛ ግፊት ነው። ስሙን ባይጠራም ማንን እንደሆነ ሠላሳ ስምንቱም ተማሪ ያውቃል። ሠላሳ ሰባት አንገት ወደ እህቱ ወደ ቀለሜ ዞረ።

እሷ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ሆዱን የሚያመው ሰውስ? ሌሊት እየጮኸ የሚያድር ከሆነስ? እሱም ሱሰኛ ነው?»

«ሱሰኛ ምክንያት አጥቶ አያውቅም» አለ መምህሩ። «የሆድ ሕመም ደግሞ የስምንተኛ ክፍል ምዕራፍ ነው።»

ክፍሉ ሳቀ። ቀለሜ ተቀመጠች። በማግስቱ አልመጣችም፤ በሦስተኛውም ቀን፣ በሳምንቱም። በዘጠነኛው ቀን መምህሩ ስሟ ፊት ለፊት የሰፈሩትን የቀሪ ምልክቶች ቆጠረ። ሃያ ሁለት ዓመት ሲያስተምር እንደሷ ያለች ተማሪ ሁለት ቢያገኝ ነው። የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና አንድ ወር ቀርቶታል። ከትምህርት በኋላ ቦዩን ተከትሎ ወደ ቤታቸው ወጣ። ሣሩ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር እየከፋ ሄዶ በመጨረሻ መሬቱ ራቁቱን ቀረ፤ እሱም ከዚያው ከነቀለሜ ጓሮ በር ላይ ደረሰ።

ጓሮው መሐል ድስቱ እሳት ላይ ተጥዷል። ጢሱ አፍንጫ ውስጥ ይጣፍጣል፣ ጣፋጭነቱም ያቅለሸልሻል። አጠገቡ ቀለሜ መሬት ላይ ተቀምጣ የባትሪ ቅርፊት በመጥረቢያ ትፈልጣለች፤ የትምህርት ቤት ቀሚሷን እንደለበሰች ነው። የወንድሟ ሚስት ሕፃን አዝላ ከድስቱ በጭልፋ እየቀዳች ወደ ቅርጹ ትገለብጣለች። ጭልፋው ጠርዙን እየመታ ቀጭ ቀጭ ይላል። ግማሹ ይፈሳል። የጀርባዋ ሕፃን ዓመት አልፎታል ቢሏችሁ አታምኑም፤ አንገቱ አልጠናም።

«ይግቡ፣ መምህር» አለች። ፈገግ ስትል የጥርሷ ሥጋ ዳር ዳሩን ጠቁሮ ይታያል። «ወንድሟ ወድቆብን ነው የቀረችው። ባለፈው ሳምንት አረፋ ደፍቆ ወደቀ፤ ከዚያ ወዲህ ሰው አይለይም። እሱን የሚተካ ሌላ እጅ የለንም።»

መምህሩ ግን ጭልፋውን ነበር የሚያየው። «አንቺ የዚህ ቤት ዘመድ ነሽ? ማለቴ፣ ከመጋባታችሁ በፊት?»

«ምን ዘመድ አለኝ። ባዳ ነኝ፤ ከመጣሁ አራት ዓመቴ ነው።»

«እጅሽስ ከመቼ ወዲህ ነው?»

«በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት።» ከዚያ ለቀልድ ያህል፦ «የእናቴ ቤት ሰዎችማ በጨለማ መርፌ ውስጥ ክር ያስገባሉ።»

መምህሩ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። ይቀመጡ ሳይባል ነው የተቀመጠው። ቀና ሲል ግድግዳው ላይ፣ በፕላስቲክ ተሸፍኖ በአራት ሚስማር የተመታ፣ የራሱን ቀይ ጽሑፍ አየ። ሰንጠረዡ ነው። በግድግዳው ላይ የተሰቀለ ሌላ ምንም ነገር የለም። የሰረዛት መስመር ከሩቅ ትነበባለች። ልጅቷ ጽፋ ነበር፤ አሳይታው ነበር። እሱ ደግሞ ለዚያች መስመር ግማሽ ነጥብ ቀጥቷታል። ምዕራፍ አንድ፣ ገጽ ሁለት፣ እርሳስ ነርቭን ይጎዳል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአፉ ያስጻፈው ነው። ራሱን ጠላው፤ እንደዚያ ቀን ጠልቶት አያውቅም።

አባትየው ከውስጥ ወጣ። ሰላምታ ሳይጨርስ መምህሩ ጀመረ። «አይደለም። የዘር አይደለም። ተሳስቻለሁ። እርሳሱ ነው፤ ጢሱና አቧራው ነው፤ ሁላችሁንም እየገደላችሁ ያለው እሱ ነው።»

«አባቴም ይንቀጠቀጥ ነበር እኮ።»

«አባትዎ ሥራቸው ምን ነበር?»

ሰውየው ወደ ድስቱ ተመለከተ። «ይህ ድስት የእሱ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ከሱ የወረስኩት ሌላ ነገር የለም።»

እሳቱ ይንጣጣል። አባትየው ከመምህሩ አጠገብ ተቀመጠ፤ ድምፁ ላይ ቁጣ አልነበረም፣ ቢኖር ይሻል ነበር።

«የጤና ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ስትዞር መጥታ ልክ እንደዚህ ብላኝ ነበር። ከዚህ ጢስ ካልራቃችሁ አልቃችኋል አለች። ደነገጥኩ። ልጄን ከነሚስቱ ከነሕፃኑ አጎቱ ጋ ልሰዳቸው ሻንጣ አሳሰርኩ። ድስቱንም ልተወው ነበር። እንደው ግን የተማረ ሰው ልጠይቅ ብዬ እርስዎ ጋ መጣሁ። ዘር ነው አሉኝ። ዘር ከሆነ የት ሄዶ ያመልጠዋል ብዬ ሻንጣውን በገዛ እጄ ፈታሁት።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አይመለስም።

«እሷም ሳይንስ ነው ያለችው፣ እርስዎም ሳይንስ ነው ያሉት» አለ አባትየው። «አሁን የቱን ልመን፣ መምህር? የፊተኛው በቀይ ተጽፏል።»

«የአሁኑን። እባክዎ የአሁኑን ይመኑኝ። ዛሬውኑ ሁላችሁንም ጤና ጣቢያ እወስዳችኋለሁ፤ ሕፃኑን መጀመሪያ።»

«ውስጥ የተኛው ትልቁስ?»

አባትየው ተነሣ። እሳቱ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ እንጨቱን አንድ በአንድ እየሳበ አወጣና አፈር ውስጥ ቀበረው። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ጊዜ ወሰደበት፤ ማንም ላግዝህ አላለውም። ምራቱ ጭልፋውን አስቀምጣ ሕፃኑን ከጀርባዋ አወረደች። ማልቀስ ስትጀምር ድምፅ አልነበራትም።

ቀለሜ መጥረቢያውን ጥላ በረንዳው ላይ ወጣች። ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ነቅላ ወረቀቱን ከፕላስቲኩ አወጣችና ለመምህሩ ይዛለት መጣች። የመጨረሻው መስመር ላይ «እኔ» ከሚለው አጠገብ «ገና» የሚለው ቃል የለም። በምላጭ ተፍቋል፤ ወረቀቱ እዚያች ላይ ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል።

«መቼ ፋቅሽው?» አላት።

«ማክሰኞ» አለች። «መምህር፣ በቦታው ምን ልጻፍ?»

ከኪሱ ስክሪብቶውን አወጣና መልሶ ከተተው። ወረቀቱን ገና ከእጇ አልተቀበላትም። ጓሮው ውስጥ ቅጠል የሚያነቃንቅ ነፋስ አልነበረም፤ ወረቀቱ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።