በአባቴ ሱቅ ግድግዳ ላይ ያለው ወረቀት

ለክልሉ ምክር ቤት መጀመሪያ የተወዳደርኩት የወረታ ጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነኝ ብዬ ነው፤ ተሸነፍኩ። በሁለተኛው የምርጫ ቅስቀሳ ወረቀቴ ላይ «ከፎገራ ገበሬ ቤተሰብ ተወለደ» ብዬ አስጻፍኩ። አሸነፍኩ።

አባቴ አብዱልአሊም ያን ወረቀት ሱቁ ውስጥ ለጠፈው። አማርኛ ማንበብ አይችልም። አንብብልኝ ሲለኝ ያቺን መስመር ዘለልኳት፣ እኔ ወራዳ! አምስት ዓመት ሙሉ ለገባ ለወጣው «ልጄ ነው» እያለ አሳየ። ካነበቡት አንድም ደፍሮ የነገረው የለም።

ትናንት ለሦስተኛው ምርጫ አዲስ ወረቀት ይዤ ስገባ፣ ባየህ የሚባል የሩዝ ገበሬ አቡጀዴ እያስለካ ነበር። ግድግዳውን ጮክ ብሎ አነበበና ደስ አለው።

«ለካ እርስዎም ገበሬ ነበሩ! ማሳዎ በየት በኩል ነው?»

የአባቴ ክንድ ጨርቁ ላይ ቆመ። ከዚያ ልኬቱን ጨረሰ፤ እንደ ልማዱ አንድ ስንዝር ምርቃት ጨመረለት፣ ቀደደ፣ አጠፈ። ቀና ብሎም አየኝ።

«ንገረው እንጂ ልጄ» አለኝ። «ማሳችን የት ነበር?»