ቫይረሱ ሊመረመር ሄደ

ቲቶን ቴፒ ላይ በስሙ የሚጠራው የለም። አሥረኛ ክፍል ሳለ የፀረ ኤድስ ክበብ ሊቀመንበር ነበርና፣ በትምህርት ቤቱ ድራማ ጥቁር ጆንያ ለብሶ፣ የበሬ ቀንድ ግንባሩ ላይ አስሮ ቫይረሱን ተጫወተ። ይህ ከሆነ ሃያ ዓመት ሊሞላ ነው። ዛሬ የቡና መጋዘን ናሙና መርማሪ ሆኖም፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር «ቫይረሱ፣ እንዴት ነህ?» ይሉታል።

ቅዳሜ ዕለት ከማሻ ሲመለስ አውቶቡሱ ጭቃ ውስጥ ሰጠመና ጌጫ አደሩ። ከጎኑ የተቀመጠችው ልባሽ ጨርቅ ነጋዴዋ ሰርካዲስ መንገዱን ሁሉ ስታስቀው ነበር፤ አልቤርጎው ደግሞ የቀረው አንድ ክፍል ብቻ ነው ተባለ። ኮንዶሙ ኮመዲኖው ላይ፣ ከሻማውና ከክብሪቱ አጠገብ ነበር። ስምንት መቶ ተማሪ ፊት ሙዝ ላይ እያጠለቀ ያስተማረው ቲቶ እጁን ዘርግቶ ክብሪቱን ብቻ አነሳ።

እሑድ ቤቱ ሲገባ መስታወት ፊት ምላሱን አወጣ። ነጭ ነው! ሰኞ አንገቱ ሥር እጢ ሲፈልግ፣ ሲነካካው ውሎ አመመው፤ ሲያመው «ይኸው!» አለ። ተናደደም። በአውቶቡሱ፣ በመንገድ ሠሪዎቹ፣ ከሁሉ በላይ በሰርካዲስ። ከማን ጋር ስትዞር እንደከረመች ማን ያውቃል? እሱ ከማን ጋር እንደዞረ ግን አንድም ጊዜ ራሱን አልጠየቀም።

ኤች አይ ቪ እንዳይዝ የሚሰጠው መከላከያ መድኃኒት ከተጋለጡ በሰባ ሁለት ሰዓት ውስጥ መጀመር እንዳለበት ያውቃል። ጤና ጣቢያውም ከቤቱ አምስት ደቂቃ ነው። ግን ካርድ የምታወጣው አስካለች በመዘምራን ቡድን አብራው ትዘምራለች፤ ዘበኛው ደግሞ የክፍል ጓደኛው ነበር፣ በር ላይ «ቫይረሱ መጣ!» ማለቱ አይቀርም። ቲቶ መሞትን ይችለው ይሆናል፤ መሳቂያ መሆንን ግን አይችልም። ማክሰኞ ጧት በሚኒባስ ሚዛን ከተማ ወዳለ ክሊኒክ ሄደ።

ክሊኒኩ አግዳሚ ወንበር ላይ ሰርካዲስ ተቀምጣለች።

«አንቺ! እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ባንተ ጦስ ነዋ! ሁለት ቀን እንቅልፍ ባይኔ አልዞረም።»

«እኔን ጠርጥረሽ?»

«ታዲያ ማንን ልጠርጥር፣ ሾፌሩን?»

«የቤተ ክርስቲያን ሰው እኮ ነኝ!»

«ጌጫም ላይ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበርክ።» ወረፋ የያዙት ሰዎች ሳቁ። «ስማኝ ወንድሜ፤ ናሙና ሳልወስድ አንድ ጆንያ ቡና አላሳልፍም ስትል አልነበር? ኮንዶሙን ሳሳይህ ግን ‹ስታይኝ በሽተኛ እመስላለሁ ወይ?› አልከኝ። እንዲህ የሚል ወንድ ለእኔ ብቻ አይልም።»

ቲቶ ሲፈራ ሰንብቶ፣ እሱንም የሚፈራ ሰው ይኖራል ብሎ አላሰበም።

ደም ሰጡ። ውጤቱን ሲጠብቁ ሰርካዲስ የያዘችውን ውኃ አቀበለችው። ሲስተር ሩሐማ ጠርታቸው፣ አብረው መግባት ይፈልጉ እንደሆነ ጠየቀች። «አብረን!» አለች ሰርካዲስ።

«ሁለታችሁም ላይ አልተገኘም» አለች ሲስተር። ቲቶ «ሃሌ ሉያ!» ብሎ ተነሳ።

«ቁጭ በል። ይህ የቆየውን ነው የሚናገረው፤ የሰሞኑ ገና አይታይም። እስቲ ሰርካዲስ፣ ከእሱ በፊት መቼ ነበር?»

«ሁለት ዓመት ሆነኝ። ከባሌ ከተፋታሁ ወዲህ ማንም የለም።»

«አንተስ?»

ቲቶ ጣሪያውን አየ። «ባለፈው ወር… ቦንጋ።»

«ሌላስ?»

«እዚሁ ሚዛን… ሁለት።»

«በኮንዶም?»

«ያለ ኮንዶም» አለ ጫማውን እያየ። ሲስተር ለሐኪሙ ነገረች፤ የሃያ ስምንት ቀኑ መድኃኒት ታዘዘ። ቲቶ እጁን ዘረጋ።

«ለአንተ አይደለም» አለች ሲስተር። «ለእሷ ነው። የተጋለጠችው እሷ ናት።»

ሰርካዲስ ክኒኑን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። በር ላይ ሲደርሱ ዞረች። «ከሦስት ወር በኋላ ትመረመራለህ። ሚዛን ተደብቀህ አይደለም፣ ቴፒ፣ በጠራራ ፀሐይ። እኔም እመጣለሁ።»

አንድ ወር ሙሉ ሰርካዲስ በእሱ ጦስ ክኒን ስትውጥ ቲቶ ቀን እየቆጠረ ሰነበተ። ሦስት ወሩ ሲሞላ ወደ ቴፒው ጤና ጣቢያ በእግሩ ሄደ። ዘበኛው እንደተፈራው አደረገ፤ «ቫይረሱ መጣ!» ብሎ ጮኸ፣ ግቢው በሳቅ ፈረሰ።

«መጥቻለሁ» አለ ቲቶ። «አስካለች፣ ካርድ አውጪልኝ። የኤች አይ ቪ ነው።»

ሳቁ ቀጥ አለ።

ሰርካዲስ ቀድማው ተመርምራ ጥላ ሥር ተቀምጣ ነበር። ሲወጣ ወረቀቱን ከእጁ ነጥቃ አነበበች፤ አጥፋ መለሰችለት።

«የለብህም። እኔም የለብኝም» አለችው። «ያወጡልህን ስም ግን ያዘው፤ ይገባሃል።»