ጋቢና የተቀመጠው ሰው

ደምለው የጋቢናውን በር ከፍቶ ሲገባ ሾፌሩ ስጦታው ዓይኑን ከመሪው ላይ አላነሣም።

«ከኋላ ብሆን ይሻለኝ ነበር» አለ ደምለው።

«ከኋላ ያለው ቦታ ተይዟል።»

ያስያዘው ሰው አልነበረም።

ደምለው በቢቸና መምህር ነው። የታሰሩ ሰዎች የት እንደ ተወሰዱ በስብሰባ ላይ ተነሥቶ ጠየቀ፤ ከዚያ ወዲህ ይፈለጋል። ሞጣ ወዳሉት ዘመዶቹ ለመሸሽ ከሾፌሩ ሁሉ ስጦታውን የመረጠው አበልጁ ስለሆነ ነው፤ የደምለውን የበኩር ልጅ፣ ሰውነት የሚባለውን፣ ክርስትና ያነሣለት ስጦታው ነው።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ይግዛው የተባለው ሹም ስጦታውን ሆቴል አስጠርቶ የስለላ ፊልም እስከ መጨረሻው አሳይቶት ነበር። በፊልሙ ውስጥ አንድ ሽበታም የሰላዮች አለቃ ዘመኑን ሁሉ በታማኝነት ያገለገለውን ሰው ለጠላት አሳልፎ ሰጠ፤ ከዚያም ቤቱ ገብቶ አበባ አጠጣ።

«ይኸ ሽማግሌ ክፉ ሰው መሰለህ?» አለ ይግዛው። «ሸክሙን ያልቀመሰ ነው የሚፈርድበት።»

ስጦታው፣ ያ ተላልፎ የተሰጠው ሰውዬ ልጆች እንደነበሩት ጠየቀ። ይግዛው ሳቀበት። «ፊልም እኮ ነው» አለና ከፋሲካ ጀምሮ ታስሮ ስለሚማቅቀው ስለ ስጦታው ወንድም፣ ስለ የኔሰው፣ ማውራት ጀመረ። የኔሰው ይፈታል። ከስጦታው የሚጠበቀው ነገ በመኪናው የሚሳፈረውን መምህር ጋቢና ማስቀመጥ ብቻ ነው፤ የቀረውን ሞጣ መግቢያ ኬላ ላይ ያሉት ያውቁታል። ስም አይጠራም፤ ጣት አይቀስርም።

ስጦታውን ያስጨነቀው የነገሩ ማነስ ነበር። ሥልጣን ማለት አንድን ትልቅ ክፋት ለብዙ ሰው ቆራርሶ ማደል፣ ለእያንዳንዱም የማታሳፍር ቁራሽ ማድረስ እንደሆነ መንገዱን ሁሉ ሲያሰላስል ሄደ።

ደብረ ወርቅ ላይ ጥቁር የለበሰ፣ በደምለው ዕድሜ የሚሆን ሰው ጥቅል ይዞ መኪናውን አስቆመ። አምላኩ እባላለሁ አለ፤ ሞጣ ለአባቱ ተዝካር መሄዱ ነው። ከኋላ በሩ አጠገብ አንድ ቦታ ተገኘ። ደምለው ግን ያገሩ ሰው ለሐዘንተኛ እንደሚያደርገው ወዲያው ወረደ።

«ነፍስ ይማር። እርስዎ እዚህ ይረፉ» አለው።

ስጦታው ቦታ አትቀያየሩ ለማለት ምክንያት አጣ። ሐዘንተኛ ተከብሮ አይቀመጥ የሚል ሾፌር የለም። ደግሞም ደረቱ ላይ የነበረው ድንጋይ የተነሣለት መሰለው። ኬላ ጠባቂዎቹ የሚፈልጉትን ሰው ከፊት ካላገኙ ያሳልፉናል፣ እኔም የታዘዝሁትን አድርጌ ነበር እላለሁ ሲል አሰበ። አምላኩ በቀስታ ያወራለት ጀመር፤ አባቱ ስሙን እየጠራ እንደሞተ፣ እርሱ ግን ከቀብሩ እንዳልደረሰ ነገረው።

«ለተዝካሩ ግን ደረስሁለት» አለ።

ሞጣ መግቢያ ላይ የኬላው ገመድ ተወጥሮ ነበር። ታጣቂዎቹ ወደ ኋላ ሳይመለከቱ በቀጥታ ወደ ጋቢናው መጡ። የአምላኩን መታወቂያ ተቀብሎ ሳያነብ ኪሱ የከተተው ሰው፣ ውረድ አለው።

«የአባቴን ተዝካር ላውጣና እመለስላችኋለሁ» አለ አምላኩ። ቀጥሎም «ሾፌሩን ጠይቁት፤ ከየት እንደተሳፈርሁ ያውቃል» አለ።

ሁሉም ወደ ስጦታው ዞሩ። በመስታወቱ ውስጥ የደምለው ፊት ይታየዋል። እርሱ አይደለም ካለ፣ ማነው ይሉታል። ዓይኑን ወደ መሪው መለሰ፤ አምላኩን አወረዱት። ገመዱ ሲላላ ማርሽ አስገባ።

መናኸሪያው ደርሰው ተሳፋሪው ሲበተን የስጦታው ስልክ ጠራ።

«ያዙት» አለ ይግዛው። «ነገር ግን ሰውዬው ሌላ ስም ነው የሚነግራቸው። መምህሩ ሁሉ ሲያዝ እንዲህ ነው ይላሉ። እኔ የማምነው አንተን ነው፤ ጋቢና የነበረው መምህሩ ነው አይደለም?»

በዚህ መካከል ደምለው መኪናው ውስጥ የቀረውን የአምላኩን ጥቅል ታቅፎ መጣ፤ የተዝካሩ ቤት የት እንደሆነ ጠይቆ ማወቁን፣ ለቤተሰቡም አብረው ሄደው መንገር እንዳለባቸው ነገረው።

«ሰው ሲወሰድ ዝም ብዬ አላይም፣ አበልጄ» አለ። ጋቢና ገብቶም ተቀመጠ፤ ጥቅሉን ጭኑ ላይ አድርጎ በሩን ዘጋ።

«ስጦታው» አለ የይግዛው ድምፅ ከስልኩ፣ «ትሰማኛለህ?»

«እሰማዎታለሁ።»