ያልደረቀው ሙጫ

ስሜነሽ ከቢቸና ወደ ሞጣ ከወጣች ወዲህ ዓይኔ ከስልኩ ላይ አልነቀል አለ።

እህቴ ናት። ሁለት የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክሎች ሊያወዳድሩ ነው የሄዱት፤ አንዱን እሷ፣ ሌላውን የሥራ ባልደረባዋ ይታገስ እየነዱ። ሁለቱም ማርሽ የለ፣ ሰንሰለት የለ፤ የሚያሽከረክረው ሞተር የኋላ ጎማው መሀል ነው የተቀመጠው። ልዩነቱ ማግኔቱ ላይ ነው። የይታገስ ማግኔቶች ብረት ውስጥ ተቀብረዋል፤ ጎማው እንደ ወፍጮ ድንጋይ ይከብዳል። የስሜነሽ ግን በሙጫ የተለጠፉ ናቸው፤ ቀላል፣ ለመሥራትም ርካሽ። የራሷ ሐሳብ ነው። ሞጣ ያሉ የጤና ባለሙያዎች ያሸነፈውን ለሥራቸው ሊያሠሩ እየጠበቁ ነው።

እኔ ደግሞ ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ጋራዡ ውስጥ ማግኔት ለጣፊ ሆኛለሁ። ትናንት ሁለት ማግኔቶች እጄ ላይ ተሳስበው ጧ! አንዷ ተሰበረች። ለማንም ሳልናገር ዛሬ ማለዳ ሌላ ለጠፍኩ። ሙጫው አንድ ሙሉ ቀን ይፈልጋል። እኔ ሁለት ሰዓት ሰጠሁት፤ ያውም እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ አስጥቼ።

«ደረቀ?» አለችኝ ስሜነሽ።

«ድርቅ ብሏል፣ እንዳንቺ።»

ስቃ ሄደች።

ስልክ ጮኸ። የጋራዡ ባለቤት ጋሼ ደምለው ስፒከር ላይ አደረጉት። ስሜነሽ ናት፣ መንገድ ላይ ከደብረ ወርቅ።

«የእኔ ሞተር ሙቀት አርባ ስምንት፣ የይታገስ ሃምሳ ስድስት! ባትሪም እኔ ጋ ተርፏል!»

«በርቺ! ዳገቱ ላይ እንዳትራሪለት» አሉ ጋሼ።

ዳገት ማለት ሙቀት ነው። ሙቀቱ ደግሞ ያን ጥሬ ሙጫ ያላላዋል። ማግኔቷ ከተላቀቀች ጎማው ቀጥ ይላል፤ ከዳገቱ ቀጥሎ ቁልቁለት አለ።

ደወልኩ። አይነሳም። ደገምኩ። «የደወሉላቸው ደንበኛ» የምትለዋን ሴትዮ ምላሷ ይያዝ ብዬ ረገምኳት።

«ምነው ልጄ፣ ምጥ ያዘሽ እንዴ?» አሉ ጋሼ።

«ጋሼ፣ ይቆጡኛል?»

«እንደ ነገሩ ነው።»

«ሙጫው አልደረቀም።»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ወዲያው ይታገስ ጋ ደወሉ። በሦስተኛው አነሳ።

«ቅደማት! አስቁማት! ቁልቁለቱን እንዳትጀምር!»

ስልኩ ተዘጋ። ጋሼ ስልኩን ጨብጠው ቆሙ። እኔ ጥፍሬን በልቼ ጨርሼ ወደ ጣቴ ገባሁ።

በመጨረሻ ስሜነሽ ደወለች። ድምፅዋ ቀጥኗል።

«የትኛዋ ናት?»

«ከጎማው አየር መንፊያ በቀኝ በኩል ሦስተኛዋ፣ እታለም።»

መፍቻ ሲንኳኳ ሰማሁ።

«ፈቀቅ ብላለች። ብረቱን መፋቅ ጀምራለች።» ከዚያም፣ «እዚህ ሆኜ ቁልቁለቱ ይታየኛል፣ አንቺ» አለችና ዘጋችው።

ይታገስ ብቻውን እየነዳ ሞጣ ገባ። የስሜነሽ ሞተር አይሱዙ ላይ ተጭኖ ደረሰ፤ ሲወርድ ባለሙያዎቹ ቆመው አዩት።

ጋሼ አዲስ ሙጫ አስይዘው በሚኒባስ ወደ ሞጣ ላኩኝ። «እስኪደርቅ ከጎኑ ንቅንቅ እንዳትይ። ጥፋቱ የማን እንደሆነም ለሰዎቹ በገዛ አፍሽ ትነግሪያቸዋለሽ።»

ነገርኳቸው። ሃና የምትባል ነርስ ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ «ታዲያ የቱ ይሻላል?» አለች።

«ነገ በዚህ ሰዓት ይጠይቁኝ።»

ስሜነሽ እየመጣች ሙጫውን በጥፍሯ ነካ ታደርግና ሰዓቷን አይታ ትሄዳለች። ነገ ሲደርቅ ሌላ ሰው ነድቶ ይሞክረው አልኳት። የራስ ቁሯን አምጥታ ጎማው አጠገብ አስቀመጠች።